ያልተሰበረውን ደረጃ የዘለለው

የመጫወቻው ክፍል በዚያ ጠዋት እንዲህ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር። ከኮምፒውተሩ ፊት ኪቦርድ፣ በስተግራ የጆሮ ማዳመጫ፣ በስተቀኝ ውሃ የሞላ ብርጭቆ። ከበሩ ጀርባ የብረት መደርደሪያ፣ በላዩም በመጠናቸው የተሰለፉ ያረጁ የጌም ሳጥኖች። መስኮቱ ዝግ ነው። ሌላ ምንም የለም። የውድድሩ አዘጋጅ ክፍሉን በየዓመቱ ራሱ ያሰናዳል፤ ዳኛው ከጨዋታው ሌላ የሚያየው ነገር እንዲኖር አይፈልግም።

ከግድግዳው ማዶ አዳራሽ አለ። ዳኛው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲጫወት፣ በፊቱ የሚታየው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ይቀረጻልም። ዳኛው ራሱ ግን አይታይም። የሚወዳደሩት አጫጭርና ርካሽ ጨዋታዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ወይም ሁለት ጓደኛሞች በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው ከአውቶቡስ ቲኬት ብዙም በማይበልጥ ዋጋ የሚሸጧቸው። ዳኛ የሚፈርድበትን ጨዋታ አስቀድሞ ማየት የለበትም። ሳያውቅ ገብቶ፣ ተሳስቶ፣ ወድቆና ተነስቶ ነው የሚፈርደው። ደንቡ ይህ ነው።

ምሳ ሳይደርስ ዋና ዳኛው በዚያ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። ምስጋና ስለሚቆጥብ ሁሉም «ጋሽ ቁጥቡ» ይሉታል። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ማዳመጫው በራሱ ላይ ነው። የጨዋታው መዝጊያ ሙዚቃ ገና አላቆመም። አዘጋጁ ሊጠራው ሲገባ፣ ጨዋታውን የሠራችው ወጣት ከወንበሩ አጠገብ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ሐኪሙ ሬሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«የተመታው እዚህ አይደለም» አላት። «ያ መደርደሪያ ይታይሻል? የጭንቅላቱን ኋላ ያገኘው የሱ ጠርዝ ነው። ደሙ እዚያ ላይ ደርቋል። ከዚያ ነው አንስተው ያስቀመጡት።»

«ማዳመጫውስ?»

ሐኪሙ ማዳመጫውን በጓንቱ ቀስ አድርጎ አነሳው። በጭንቅላት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ከውስጥ በኩል በደም ርሷል።

«ከተመታ በኋላ ነው ያደረጉለት» አለች መርማሪዋ። «ከኋላ የሚያየው ሰው እየተጫወተ ነው እንዲል።»

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች አጭር ሴት ናት። መነጽሯን አንዴ ግንባሯ ላይ፣ አንዴ ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። ምክትሏ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ በብዕሩ ጭኑን ይመታል።

«አለቃ፣ ይሄ እኮ ፀሐይ የሞቀው ጉዳይ ነው» አለ። «ሌሎቹ ሦስቱ፣ አዘጋጁና ሁለቱ ዳኞች፣ አዳራሽ ነበሩ። ጨዋታው ከተጀመረ እስኪያልቅ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ኮሪደር ላይ የነበረችው ልጅቷ ብቻ ናት።»

«ሲያልቅ ገብታ ገደለችው?»

«ኧረ አይደለም፤ ደሙ ደርቋላ! መሃል ላይ ገባች፣ ተጨቃጨቁ፣ ገፋችው። አስቀመጠችውና ቀሪውን ራሷ ተጫወተችው። የሠራችው እሷ፤ ከሷ በላይ ማን ያውቀዋል?»

መርማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አወጣች። ምክትሏ የሚናገረው ሁሉ ልክ ይመስላል። ያላስደሰታትም ይኸው ነው።

ወጣቷ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። አንድ ፖሊስ በዓይኑ ይከተላታል።

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«አልችልም እትዬ። ከተቀመጥኩ የምወድቅ ይመስለኛል።»

«እሺ፣ አብረን እንሂድ።» መርማሪዋ ከጎኗ መራመድ ጀመረች። «ጋሽ ቁጥቡን ታውቂያቸው ነበር?»

«አምና አንድ ጌም አስገብቼ ነበር። ምን ብለው እንደጻፉ ልንገርዎት? "የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥሩነት ማጠሩ ነው።"»

«ተናደድሽ?»

«አንድ ሳምንት አለቀስኩ። ከዚያ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ልክ ነበሩ እኮ! የዘንድሮውን የሠራሁት እሳቸውን ብዬ ነው።» ጣቶቿን አንድ በአንድ ጎተተች። «የመዝጊያውን ሙዚቃ በበሩ ሰማሁት። ሠሪ መግባት ክልክል ነው፤ አውቃለሁ። እግሬ ገባ። ፊታቸውን ብቻ ላየው ነበር።»

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አውጥታ አየችውና መልሳ ከተተችው።

«እናቴ ናት። ውጤቱን ልትጠይቀኝ። ምን ልበላት? ዳኛው ሞተው እኔ ልታሰር ነው ልበላት?»

«ገና ምንም አትበያት» አለች መርማሪዋ።

አዘጋጁ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እያነሳ ቦታ ይለውጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይመልሰዋል። ወፍራም፣ ላብ የማይለየው ሰው ነው።

«ጠዋት ሻይ ላይ ነው» አለ። «ጋሽ ቁጥቡ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና "ዛሬ ከመፍረዳችን በፊት የምናገረው አለኝ፤ ከአምስቱ ጨዋታዎች አንዱ እዚህ መግባት አልነበረበትም" አሉ። የትኛው ብላቸው "ስንሰበሰብ" አሉኝ። እሳቸው ነገር ማቆየት ይወዱ ነበር። አራቱን ጨዋታዎች ትናንት ተጫውተው ጨርሰዋል፤ ለዛሬ የቀረው የልጅቷ ብቻ ነበር።»

«ማን ማን ሰማ?»

«ሁላችንም ነበርን። ልጅቷም ሳትቀር፣ በር ላይ ቆማ።»

«አምስቱን የሚመርጠው ማነው?»

«አጣሪው ነዋ። የሚመጣውን ጌም ሁሉ ከወራት በፊት ተጫውቶ፣ አምስት ይተውልናል። አስቀድሞ ስላያቸው በመጨረሻው ቀን ድምፅ አይሰጥም። ጨዋታውን ለዳኛው የሚከፍተው ግን እሱ ነው። ዛሬም ጨዋታውን ከፍቶላቸው መጣና "ጀምረዋል" ብሎን ተቀመጠ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ጨዋታው መንቀሳቀስ ጀመረ።»

«አምስቱም ሠሪዎች ዛሬ መጥተዋል?»

«አራቱ። ሦስቱ ውጤቱን ውጭ ግቢ ውስጥ ይጠብቃሉ። አምስተኛዋን አይተናት አናውቅም። ሁሌ ሰላምታዋን የሚያደርስልን አጣሪው ነው። ስልኳ ግን አለኝ።»

መርማሪዋ ቁጥሩን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

ሁለተኛዋ ዳኛ ሙዚቃ ሠሪ ናት፤ ዜመኛዋ ይሏታል። ከጋሽ ቁጥቡ ጋር ለዓመታት አብራ ፈርዳለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ምላሷ ግን አልደከመም።

«እኔ ጌም የምፈርደው በጆሮዬ ነው። እሱ ደግሞ በግትርነቱ» አለች። «ዛሬ ግን አጨዋወቱ አላማረኝም። ጋሽ ቁጥቡ አንድ ክፍል ከገባ ግድግዳውን ሳይቀር ይመረምራል። ሰው ቤት ሊከራይ የመጣ ነው የሚመስለው። ዛሬ ሮጠ።»

«በጆይስቲክ ነበር የሚጫወቱት?»

«ጆይስቲክ? እሱ?» ቀኝ አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየቻት። «ይሄ ጣቱ አይታጠፍም፤ ድሮ በር ቀጥቅጦታል። ኪቦርድ ብቻ ነው።»

«እናንተስ አዳራሽ ውስጥ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እኔ ስክሪኑን አያለሁ። አዘጋጁ በስልክ ምሳ ሲያዝ፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲያዝ ነበር። አጣሪው ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የራሱን ጌም ይጫወታል። እሱ ሠርግ ቤትም ጆይስቲክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የለመድነው ነገር ነው።» ትንሽ አሰበች። «ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። የራሱ ሰልችቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

አጣሪው ራሱ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ሲያናግሩት አውራ ጣቱ በሌባ ጣቱ ላይ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል።

«ይህን የልጅቷን ጨዋታ ያውቁታል?»

«ዓይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ። ሥራዬ ነው» አለ። «አንድ ጥበቃ አምፖል ይዞ ሰባት ፎቅ ይወጣል፤ ጣራው ላይ መብራት ሊቀይር። ከወደቀ አምፖሉ ይሰበርበታል። ይኸው ነው። ቀላል ነው፣ ግን ያምራል።»

«ጋሽ ቁጥቡስ? ያውቁት ነበር?»

«በፍጹም። ቀድሞ ማየት አይፈቀድም። ከዛሬ በፊት ስሙንም አልሰሙም።»

መርማሪዋ አመሰገነችው። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ወደ አምስተኛዋ ሠሪ ደወለች። ከማዶ የፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል።

«ጌም? የምን ጌም?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ፀጉር ነው የምሠራው እህቴ። ኧረ ቆይ! የባሌ ወንድም ስምሽን ልጠቀምበት ብሎኝ ነበር፤ ለኮምፒውተር ነገር። ምነው፣ ችግር አለው?»

መርማሪዋ የባሏን ወንድም ስም ጠየቀቻትና ስልኩን ዘጋች። ለምክትሏ ነገረችው። ምክትሉ ብዕሩን ጭኑ ላይ መምታቱን አቆመ፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ።

«እሺ፣ አጣሪው የራሱን ጌም በሰው ስም አስገብቷል። ሽማግሌውም ነቅተውበታል። ግን አለቃ፣ ሰውየው አዳራሽ ነበር! ሁለት ሰው አይቶታል። ሽማግሌው ደግሞ ያኔ እየተጫወቱ ነው።»

«አንድ ሰው እየተጫወተ ነበር» አለች። «ልጅቷን ጥራልኝ። እኔም መጫወት አማረኝ።»

ሬሳው ተነስቷል። መርማሪዋ በዚያው ኮምፒውተር ፊት ሌላ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ወጣቷ ከኋላዋ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ትቆማለች።

ጨዋታው ሲከፈት ከጥበቃው ራስ በላይ «ለመዝለል» የሚል ጽሑፍና የኪቦርዱ ረጅም ቁልፍ ሥዕል ታየ።

«ይሄ ሥዕል ሁሌ ይሄው ነው?»

«አይ፣ በያዙት ዕቃ ይለያያል። በጆይስቲክ ከሆነ ክብ አረንጓዴ ቁልፍ ነው የሚያሳየው። ጌሙ ራሱ ያውቃል።»

መርማሪዋ ጥበቃውን እያዳፋች አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ አወጣችው። ሦስተኛው ላይ አንድ ደረጃ ከእግሩ ሥር ተሰበረ። ጥበቃው ወደቀ፤ አምፖሉ ብትንትኑ ወጣ።

«ውይ!» አለች መርማሪዋ፤ ከልቧ ደንግጣ።

ወጣቷ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ይቅርታ እትዬ። ሁሉም እዚያ ነው የሚወድቀው፤ አንድም ያልወደቀ የለም። ከዚያ በኋላ ነው ደረጃ ማመን የሚያቆሙት።»

«አሁን የዛሬውን ቅጂ አሳዪኝ።»

ቅጂው ተከፈተ። «ለመዝለል» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለው ክብ አረንጓዴ ቁልፍ ነው። መርማሪዋ ጠረጴዛውን አየች፤ ኪቦርድ እንጂ ጆይስቲክ የለም። ጥበቃው እየሮጠ አንደኛውን ፎቅ ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ ደረጃው መሃል ላይ ድንገት ዘለለ። ምንም አልተሰበረም። ሦስተኛው ላይ እየሮጠ ወጣ፤ ደረጃው ተሰበረበትና ወደቀ።

«መልሺው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ምን አለ?»

መርማሪዋ ዞር ብላ ስታያት ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማለች። እግሯም፣ ጣቶቿም አይንቀሳቀሱም።

«አሁን ምንም የለም» አለች በቀስታ። «መጀመሪያ ስልከው ግን… የሚሰበረው ደረጃ እዚያ ነበር።»

መርማሪዋ አንድ ሁለት ጥያቄ ጨመረችላት። ከዚያ ሁሉም አዳራሽ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ተቀመጡ። አዘጋጁ በመሃረብ ላቡን ይጠርጋል፤ ዜመኛዋ እጇን አጣምራለች፤ አጣሪው እግሩን አነባብሯል። ወጣቷ ብቻ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ከጎኗ ምክትሉ። መርማሪዋ በስክሪኑና በሰዎቹ መሃል ትመላለሳለች።

«ጋሽ ቁጥቡ ጨዋታውን ተጫውተው ሞቱ ብላችኋል» ብላ ጀመረች። «ከዚያ ልነሳ። ጣታቸው አይታጠፍም፤ ጆይስቲክ አይነኩም። ቅጂው ላይ ያለው ምልክት ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የጆይስቲክ ነው። ስለዚህ ያያችሁት እሳቸውን አልነበረም። ጨዋታው ሲጀመር እሳቸው ወድቀው ነበር።»

«የኔ ጌታ!» አለች ዜመኛዋ። «ስናይ የነበረው ማንን ነው ታዲያ?»

«እሱን ነው የምፈልገው። ምክትሌ ልጅቷ ናት ይላል። ጆይስቲክ በቦርሳዋ ይዛ ልትገባ ትችላለች፤ እውነቱን ነው። አሁን ይህን እዩ።»

ቅጂውን አስኬደችው። ጥበቃው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዘለለ። ሦስተኛው ላይ ወደቀ።

«ሦስተኛው ላይ ለምን ወደቀ? ስላላወቀ። ሁለተኛው ላይ ለምን ዘለለ? እዚያ የሚያስዘልል ነገር የለም። ጋሽ ቁጥቡ ቢሆኑ አይዘሉም፤ ምንም አያውቁማ። ልጅቷ ብትሆን ሁለተኛውን ዝም ብላ አልፋ ሦስተኛውን ትዘላለች፤ ደረጃውን ያዛወረችው ራሷ ናት። የዘለለው ሰው ጨዋታውን ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን አሮጌውን ነው። የተሻሻለው ትናንት ለአዘጋጁ ተላከ፤ አዘጋጁም ሳይከፍተው ኮምፒውተሩ ላይ ጫነው። አሮጌውን እዚህ ካላችሁት መሃል የተጫወተው ማነው?»

አዘጋጁ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አጣሪው ዞረ።

«ይሄ ቀልድ ነው?» አለ አጣሪው። «ዓይናችሁ እያየ እዚህ ተቀምጬ ነበር! የራሴን ጌም ስጫወት!»

«ላፕቶፕዎ ላይ የነበረውን ማንም አላየም። ያዩት ጆይስቲክ የያዘ ሰው ነው፤ እርስዎን ደግሞ ያለ ጆይስቲክ አይቶዎት የሚያውቅ የለም። ሽቦ የለውም፤ ግድግዳው ስስ ነው። ከመጣን ጀምሮ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ዕቃ አልወጣም።» ወንበሩ ላይ የቀረውን ጆይስቲክ በጓንቷ አነሳችው። «ቅጂው ቆሟል፤ አሁን የማዶው ኮምፒውተር ላይ ጨዋታው ራሱ ክፍት ነው። ማንም አጠገቡ የለም።»

አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ ጥበቃው ዘለለ።

ደግማ ተጫነች፤ ደግሞ ዘለለ። የአጣሪው አውራ ጣት መሽከርከሩን አቆመ።

«በጌሞቼ ውስጥ ያሉት በሮች ናቸው ያጋለጡኝ» አለ አጣሪው፤ ድምፁ ተለውጧል። «"የምትሠራቸው በሮች ሁሉ በግራ ነው የሚከፈቱት፤ የዚህኛውም እንዲሁ" አለኝ። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ጌም ነው። ዳኛ ስለሆንኩ አይፈቀድልኝም፤ ዳኝነቱን ብተው ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያየኛል? ለምኜዋለሁ። በሩን ሊከፍት ሲል ጎተትኩት… ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«አልተንቀሳቀሰም። ስክሪኑ ዝም ካለ ትገባላችሁ። አንዴ ጨዋታው ካለቀ፣ እኔ እዚህ መሃላችሁ ከሆንኩ…»

«ትንፋሻቸውን አዳመጡ?»

አጣሪው ወለሉን አየ።

«አንተ!» አለች ዜመኛዋ፤ ድምፁ ከአንጀቷ ነው የወጣው። «ከጎኔ ተቀምጠህ እኮ ብስኩት አቀብለኸኛል!»

ምክትሉ ከወጣቷ ጎን ተነስቶ ወደ አጣሪው ሄደ። በመንገዱ ላይ ለልጅቷ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ሲወስዱት አጣሪው አልታገለም።

«እትዬ» አለች ወጣቷ፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን። «እንግዲህ ሳያዩት ነው የሞቱት?»

«አላዩትም ልጄ።»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለችና እየተራመደች ወደ ኮሪደር ወጣች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አልተከተላትም።

የሐኪሙ ሪፖርት በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሟቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ነበረበት። ከወደቀ በኋላ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ በሕይወት ነበር። ሆስፒታሉ መንገድ ማዶ ነው። ጨዋታው የፈጀው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው።